የይታያል ዋስ

«የድሮውን አትፋቂው፤ ተይው» አለ ሽታሁን።

ጀዋሂር እጇን ከበሩ ቆርቆሮ ላይ አነሣች። ከሞጣ ተመድባ የመጣች የቀበሌ መዝጋቢ ናት። በሩ ላይ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ፤ አንዱ ሰፈሩ ገና የገበሬ ማኅበር ሳለ በምስማር የተመታ የጣሳ ክዳን ላይ ያለ፣ ሌላው ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ሲጨፈለቅ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ። አሁን ደግሞ ሰፈሩን የቢቸና ከተማ ውጣዋለችና ሦስተኛው በቀይ ይጻፋል። ቁጥሩ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ከዚህ ቤት አንድ ነገር ይወጣል፤ የገባ ነገር የለም።

«ስንት ናችሁ?»

«እኔ፣ ባለቤቴ ይርገዱ፣ ሁለት ሴት ልጆች።»

«ወንድ ልጅ?»

«እግዜር አልሰጠኝም። ዛሬ ግን ሳይበጀኝ አልቀረም።»

ከኋላዋ የቆመው ታጣቂ ፈገግ አላለም።

ድሮ ቤት የሚቆጠረው ለዘይት፣ ለስኳር፣ ለማዳበሪያ ነበር። አሁን የሚጠየቀው ቤት ውስጥ ስላለው ሳይሆን ስለሌለው ነው። ያልተገኘ ወጣት ካለ «አቀርበዋለሁ» ብሎ የሚፈርም ጎረቤት ይጠራል። ዋስ የታጣለት እንደሆነ አባትየው ከታጣቂው ጋር ይሄዳል። ወዴት ብሎ የጠየቀ የለም። ከላይኛው መንደር የተወሰዱት ሁለት ሽማግሌዎች ገና አልተመለሱም።

ቀጥሎ ያለው በር የይታያል ነው። ሽማግሌው ጋቢውን አጣፍቶ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር።

«ልጅዎ ይግዛው የት አለ፣ አባባ?» አለች ጀዋሂር።

«ደጀን ነው። መኪና ይጭናል፣ ያወርዳል።»

«ስልክ ቁጥሩን ይስጡኝ።»

«ስልኩ ተሰርቋል።»

ይግዛው ከሄደ ክረምት አልፏል። የሄደውም ወደ ደጀን ሳይሆን በወንዙ በኩል ወደ ቆላ፣ ጫካ ከገቡት ዘንድ ነው። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«እሺ፣ ዋስዎ ማነው?»

ይታያል ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። አንዱ በሬዬ ተፈታ ብሎ ሄደ። ሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ፤ ስልኩ እንዳልጠራ ግን ሁሉም ሰምቷል። የሽማግሌው ዓይን ሽታሁን ላይ አረፈና ወዲያው ሸሸ።

ቢሸሽ አይፈረድበትም። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል፣ ዋርካው ሥር በተጠራው ስብሰባ ላይ፣ ይህ ሰው ነው ተነሥቶ «የሽታሁን አባት ቢሮክራት ነው» ያለው። በደርግ ሹመት የነበረው ሁሉ በዚህ ስም መሬቱ ይቀነስበት ነበር። አባቱ ፊደል ስለሚያውቁ በደርግ ጊዜ ለገበሬ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ይጽፉ ነበር፤ ሹመታቸው ይኸው ነው። ከአሥራ ሁለት ቃዳ መሬታቸው አራት ተረፋቸው። ከሄደው ውስጥ የወንዙን ዳር ያረሰው ይታያል ነው። ሽታሁን ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ለሰው ያርስ ጀመር። አባቱ ሲሞቱም ይታያል ለቅሶ መጥቶ፣ ፊት ተቀምጦ፣ ንፍሮውን ዘግኖ በላ።

«በሉ እንግዲህ፣ ጫማዎን ያድርጉ» አለ ታጣቂው።

ይታያል ጎንበስ ብሎ ከበሩ ሥር ጫማውን ፈለገ። አንዱን አግኝቶ ሌላውን አጣው። ሽታሁን ይህን ለማየት ዕድሜውን ሙሉ ጠብቋል። ሲያየው ግን አነሰበት።

«ቆዩ» አለ። «ጋሽ ይታያል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባቴ ምን ነበሩ?»

«አሁን ይህን...»

«አሁን ነው። ሰው እየሰማ።»

ይታያል መሬት መሬት አየ። «ጸሐፊ ነበሩ። ደግ ሰው። እኔ ነኝ ያልሁት።»

«ምን ብለው?»

«ቢሮክራት።»

«ለምን?»

«የወንዙ ዳር መሬት አማረኝ።»

ጀዋሂር እስክሪብቶዋን ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። «ሌላም ቤት አለብን» አለች ቀስ ብላ።

«ጻፊኝ። ዋሱ እኔ ነኝ» አለ ሽታሁን።

«ልጁ እስከ ሚካኤል ካልቀረበ በአባቱ ፈንታ እርስዎ ነዎት የሚወሰዱት። ገብቶዎታል?»

«ማንበብ እችላለሁ።»

ፈረመ። ይታያል እጁን ሊስም ጎንበስ ሲል ነጠቀው።

ቤት ሲገባ ይርገዱ ሰምታ ጠበቀችው።

«ያ ልጅ እንደማይመጣ እያወቅህ?»

«አውቃለሁ።»

«አባትህን እንዲያ ላደረገ ሰው?»

«ለእሱ አዝኜ መሰለሽ? ከእንግዲህ በደጄ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ፊት አይቀመጥም። ብታሰር ስንቄን የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ ሰው እያየው።»

«እኛስ?»

ከውጭ የአዲሱ ቀለም ሽታ ይገባል። ጀዋሂርና ታጣቂው ሌላ በር ሲያንኳኩ ተሰማ፤ የሚከፍት ሰው ቶሎ አልመጣም።

ሽታሁን ተነሥቶ ጋቢውን ከመስቀያው አወረደ፤ አጣጥፎ በሩ አጠገብ አኖረው። ከዚያም ጫማውን አወለቀና ጫፉን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሊወስዱት ሲመጡ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማ ሲፈልግ ማንም አያየውም።