ፀሐይ ያጋለው ክላርኔት

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ከእኔ ከጎበና ሌላ ክላርኔት ነፊ ነበር ቢሏችሁ አትመኑ። ቢኖርም እኔ ስጀምር ያቆማል። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ሲለማመድ የኔ ድምፅ ሞጆ ይሰማል፤ የቆቃ ዓሣ አጥማጆችም ዓሣው እየደነገጠ አስቸግሯቸዋል ተብሎ ተወርቷል። ማን አወራው ብትሉኝ፣ እኔ።

ሊቀመንበራችን ጓድ ነጋሳ ግን ይህን እንደ ጥፋት ቆጠረው። ለወለንጪቲው የኪነት ውድድር ስለ ልማት ግጥም የጻፈው እሱ ነው፤ የምትዘፍነው ጤናዬ ናት። ክላርኔቱ ግጥሜን እየዋጠ ነው አለ። እዚያ ካሳፈርከን ክላርኔቱን ለሞጆዎች እሰጣለሁ፣ አንተም ከአጨብጫቢዎች ጋር ትቆማለህ ብሎ በስብሰባ ተናገረ።

ክላርኔቱ የቀበሌው ንብረት ነው፤ ያሳደግሁት ግን እኔ ነኝ። ነፍቼ ስጨርስ ክፍሎቹን ፈታትቼ ውስጡን በጨርቅ አደርቃለሁ፣ መጋጠሚያው ላይ ያለውን ቡሽ ቫዝሊን እቀባለሁ። እኔ ራሴ ያን ያህል ቫዝሊን ተቀብቼ አላውቅም።

የውድድሩ ቀን በጭነት መኪና ተጫንን። ፀሐዩ ድንጋይ ያቀልጣል። ወለንጪቲ ደርሰን ሳጥኑን ስከፍት ክላርኔቱ እንደ ካውያ ግሏል። ገጣጥሜ፣ አፉ ላይ የሚታሰረውን ሸምበቆ በምራቄ አርሼ ከቡድናችን አኮርዲዮን ተጫዋች ከጉዲቱ ጋር ላስማማ ብነፋ ቃናው ከእሷ በላይ ወጣ። ክላርኔት ሲሞቅ ድምፁ ይቀጥናል። አኮርዲዮን ደግሞ ከተሠራበት ቃና ንቅንቅ አይልም፤ ዝቅ ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ። ልማዴ አይደለም።

ከአፉ ሥር ያለችውን አጭር ክፍል ሳብ አደረግኋት፤ ቱቦው ሲረዝም ድምፁ ይወርዳል። ቡሹ በሐሩሩ ደርቆ ኖሮ ተንገዳገደች። ጉዲቱ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዝዛ ሰጠችኝ፤ ቡሹ ላይ ጠምጥሜ አጠበቅኋት። አሁንም ከፍ ይላል፤ ልዩነቷ ትንሽ ናት፣ ግን ጆሮ ትበላለች። ጓድ ነጋሳ ከጀርባዬ ሆኖ ቀስ ብለህ ንፋ አለኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዝሁ። ቀስ ባልኩ ቁጥር ይባስ ቀጠነ።

ጉዲቱ አኮርዲዮን የተማረችው ጸሎት ቤታቸው ሳይዘጋ ከመዘምራኑ ጋር ነው፤ ጆሮዋ አይሸወድም። ነጋሳ ራቅ እስኪል ጠብቃ ጠጋ አለችኝ።

"ጋሼ ጎበና፣ በኃይል ሲነፉ ቃናው ይወርዳል። እንደ ልማድዎ ይንፉት።"

"ነጋሳስ?"

"እሳቸው የሚያውቁት ግጥም ነው።"

መድረክ ላይ ወጥቼ ነፋሁ። የዙሪያው የቦሰት ከብት በሙሉ ግጦሽ አቆመ። ክላርኔቱና አኮርዲዮኑ ከአንድ ጉሮሮ የወጡ መሰሉ። ጤናዬ አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ ይታያል፤ የምትለው ግን ለራሷም አልተሰማትም።

ዳኞቹ ተመካክረው የሙዚቃው ስምምነት እንከን የለውም አሉ። አንደኛው ብቻ ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ጓድ ነጋሳ ተነስቶ ስለ ልማት ነው ሲል ተጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ ዳኞች ያመሰገኑትን ንብረት ለሞጆ ልስጥ ቢልስ ማን ይሰማዋል?

ጤናዬ ናዝሬት እስክንደርስ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ጓድ ነጋሳ ግን መኪናው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ብዙ አሰበና፣

"ለሚቀጥለው ግጥሙን አባዝተን ለሕዝቡ እንበትናለን" አለኝ።