በቂ ምስል አለን

ነፋሱ እስኪያርፍ የቅጠሉን አንገት በሁለት ጣቶቿ ይዛ ትጠብቃለች። ጉልበቷ እርጥብ መሬት ላይ ነው፤ ዓይኗ ካሜራው ላይ ተሰክቷል። ትንፋሿን ዋጥ ስታደርግ ቅጠሉም አብሯት ዝም አለ። አነሳችው።

«ዛሬስ እንዴት አደረ በሽተኛው?» አለ የጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«ደህና ነው አባባ። እባጩ ብሷል።»

«ታዲያ ካርድ አውጪለትና ወረፋ ይጠብቃ! ክረምቱን ሙሉ ያለ ካርድ ስታክሚው ዝም ብዬሻለሁ፤ ኋላ በኔ እንዳይመጣ።»

ሳቀች እንጂ ቀና አላለችም። አጥሩ ላይ የተጠመጠመው ሐረግ ቅጠሎቹ ኪንታሮት የወጣባቸው ይመስላሉ። ዓይን የማትሞላ ተርብ ቅጠሉ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ቅጠሉ እንደመቆጣት ብሎ ያብጣል፤ እባጩም ለእጯ ቤት ይሆናታል፣ ቀለብም ይሆናታል። ዛሬ ደግሞ አንዱ እባጭ ተበስቶ፣ ያደገችው ተርብ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋለች። ይህን ለማግኘት ስንት ጧት ተንበርክካለች።

ታላቅ እህቷ እትዬ «ትንሿ» ይሏታል፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ምንም ባይቀራትም ስሙ አልለቀቃትም። ፎቶዎቿን የምትልከው ምስል ለሚሸጥ አንድ ድረ ገጽ ነው። መጽሔት አዘጋጁ፣ ማስታወቂያ ሠሪው፣ የመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚው እየገባ የፈለገውን ቃል ይጽፋል፤ ከቀረበለት ውስጥ መርጦ ይገዛል። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ጀማሪ የምትጠልቅ ፀሐይ ላከች። ጽጌረዳ ላይ ያደረ ጤዛ ላከች። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ፣ አበባ ላይ ያረፈች ቢራቢሮ፣ ወተት መስሎ የሚወርድ ፏፏቴ ላከች። ሁሉም ተመለሱ። የገምጋሚዎቹ መልስ አንድ ነበር፤ «ከዚህ ርዕሰ ጉዳይ በቂ ምስል አለን።»

አልዋሹም። «ጤዛ» ብላ ስትፈልግ የገጹ ማለቂያ ጠፋባት። የዓለም ጤዛ በሙሉ አንድም ሳይረግፍ እዚያ ተሰብስቧል። የሷ ጤዛ ከሌላው በምን እንደሚለይ ራሷም መናገር አቃታት።

ከዚያ ወዲህ ድረ ገጹን ሳትፈትሽ አታነሳም። የሸረሪት ድር፣ ሞልቷል። የጉንዳን ሰልፍ፣ ሞልቷል። የበሰበሰ ግንድ ላይ የበቀለ እንጉዳይ፣ ያም እሷ ብቻ ያየችው የመሰላት፣ ሞልቶ ፈሷል። ክረምቱ ሲገባ ይህን ኪንታሮታም ቅጠል አየችና ፈለገች። «ምንም አልተገኘም» አላት። እንዲህ ደስ የሚል ባዶ ገጽ አይታ አታውቅም።

ጊዜዋ ግን አጭር ነበር። የሚተዳደሩበት ፎቶ ቤት የአባታቸው ነው፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ቤቱንም ትንሿንም ያቆሙት እትዬ ናቸው። አሁን ዓይናቸው ከዳቸው። ባለፈው የአንዱን ደንበኛ ጆሮ ከፎቶው ላይ ቆርጠው ጥለው፣ «አይዞህ፣ ሌላው አለልህ» ብለው ሸኝተውታል። ቤቱ ሰው ይፈልጋል። ማተሚያውም አርጅቷል፤ ትናንሽ ነገር አጉልቶ የሚያነሳው የትንሿ ሌንስ ቢሸጥ አዲስ ይገዛበታል። ስለዚህ ተስማሙ። ክረምቱ እስኪወጣ ድረ ገጹ የወር ክፍያ ያለው «ቋሚ አቅራቢ» ካላት ሌንሱ አይነካም፣ ለፎቶ ቤቱም ሰው ይቀጠራል። ካላላት ሌንሱ ይሸጣል፣ እሷም የእትዬን ወንበር ትይዛለች።

የመጀመሪያዎቹን የእባጭ ፎቶዎች ወዲያው ተቀበሏት። ደግማ ላከች። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት? እባጩ አረንጓዴ ሆኖ፣ ቀልቶ፣ ከጎን፣ ከሥር፣ ዝናብ መትቶት፣ መዳፍ ላይ ተቀምጦ ላከች። በተቀበሏት ቁጥር ወደ አጥሩ ተመለሰች። ቋሚ ለመባል የዛሬውን ዙር ፎቶዎች መቀበላቸው ብቻ ነበር የቀራት፤ ዛሬ ደግሞ ተርቧ ራሷ ወጥታላታለች። ማታውኑ ላከችው።

መልሱ የመጣው በነጋታው፣ እትዬ ፎቶ ቤቱ ውስጥ የመብራቱን ጃንጥላ አቧራ ሲያራግፉ ነው።

«ስልክሽ ጮኸ። ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ እኔ እንደሁ ዝንብና ፊደል መለየት ትቻለሁ።»

አነበበች። «ከዚህ ርዕሰ ጉዳይ በቂ ምስል አለን። አቅራቢዎች በተደጋጋሚ ከተነሱ ጉዳዮች እንዲርቁ እንመክራለን።»

«ኪንታሮቱን ነው?»

«ኪንታሮቱን።»

«ባዶ ነው አላልሽኝም እንዴ?»

«ባዶ ነበር።»

«ታዲያ የትኛው ቀልቃላ ነው አጥር ላጥር ሲከተልሽ የከረመው?»

ትንሿ ፈለገች። ገጹ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። ወደ ታች ገፋችው፤ አሁንም ሞልቷል። አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ከጎን፣ ከሥር፣ ዝናብ የመታው። አጥሩን አወቀችው። በአንዱ ጥግ የዘበኛው ሰማያዊ ወንበር እግር ሳይቀር ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

«ማን ነው?» አሉ እትዬ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ መሆንሽንማ እያየሁ ነው። የቀደመሽ ማን ነው ነው የምልሽ።»

«እኔ ነኝ እትዬ። ሁሉም የኔ ናቸው።»

እትዬ ሳቅ አመለጣቸው። አፋቸውን በአቧራ ጨርቁ ይዘው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ፤ የትንሿን ፊት አይተው ሳይሆን ዝምታዋን ሰምተው አቆሙ።

«ሁሉም የኔ ናቸው ብለሽ ብትጽፊላቸውስ?»

«ያውቃሉ እኮ። ስሜ ከያንዳንዱ ሥር ተጽፏል።»

«ገዢስ? ከዚህ ሁሉ መሀል አንዱን እንኳ የወሰደ የለም?»

ከምስሎቹ ሥር ስንት ሰው እንደወሰዳቸው የሚያሳይ ቁጥር አለ። ክረምቱን ሙሉ አላየችውም ነበር፤ መቀበላቸው በቅቷት። አሁን አንድ በአንድ አየችው። ከዜሮ ሌላ አልነበረም።

«የለም» አለች። «ሰው የሚፈልገው ስሙን የሚያውቀውን ነው። ቅጠል ያብጣል ብሎ ማን ያስባል? ጤዛ ነው የሚፈልጉት።»

«ጤዛውን ደግሞ አይቀበሉሽም።»

«አይቀበሉኝም።»

እትዬ ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ።

«ያ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ስለ ሌንሱ ዛሬም ደውሏል» አሉ። «ቀለበት ላነሳበት ነው ይላል። ጽጌረዳ ላይ አስቀምጦ።»

«ውሃም ይረጭበታል?»

«አንቺ፣ እንዴት አወቅሽ?»

«ይምጣ በሉት።»

«ትንሿ፣ የዛሬን ብቻ እንኳ እደሪበት…»

«ክረምቱ ወጥቷል እትዬ። ይምጣ።»

ሰውየው ከሰዓት በኋላ መጣ። ሌንሱን ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ አየው፤ ጭረት ፈልጎ አጣ። «የያዝሽው እንደ እንቁላል ነው፣ የኔ እህት» ብሎ አመሰገናት። እትዬ ዋጋውን ሲነጋገሩ ትንሿ ለካሜራው ሌላውን፣ የሰው ፊት የሚያነሳውን ሌንስ ገጠመችለት። ጠጋ ሲሉ የሚያደበዝዝ ሌንስ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎልማሳ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ገባ። ነጩ መጋረጃ ፊት ተቀመጠ፤ ኮሌታውን አስተካከለ።

«አደራ፣ በድሮው ላይ ሌባ ነው የምመስለው» አላት።

«ቀና ይበሉ። አገጭዎን ወደኔ። በቃ፣ እንደዚያው።»

አነሳችው።

«ዓይኔን ጨፈንኩ መሰለኝ፤ ብትደግሚውስ?»

አየችው። አልጨፈነም። «ጥሩ ወጥቷል» አለችው። «ነገ ይውሰዱት።»

ሲሄድ አተመችው። አራቱን አንድ ዓይነት ፊቶች በመቁረጫው አስተካክላ ለያየች፤ ጠርዛቸውን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤ በፖስታ ከተተቻቸው። ፖስታው ላይ «ነገ» ብላ ጻፈችና መሳቢያው ውስጥ ከሌሎቹ ኋላ አቆመችው።