ያለ ስልኩ የወጣበት ጠዋት

"አይከፈትም" አለ ኢታና፣ ላፕቶፑን ወደ ዘውድነሽ እያዞረ። ስክሪኑን የሞሉት ትርጉም የለሽ ምልክቶችና ባዶ ሳጥኖች ነበሩ።

መኝታ ቤቱን ዘግተው ተቀምጠዋል። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግቢ ከተተከለው ድንኳን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መዝሙር ወደ ላይ ይሰማል። የዘውድነሽ ባል ገረሱ የተቀበረው ከትናንት በስቲያ ነው። ኢታና ጉርድ ሾላ ያለው ቢሮ ውስጥ አብሮት ፕላን ይሠራ የነበረ ባልደረባው ነው።

"ግን ምንድን ነው ፋይሉ?"

"ጋሽ ገረሱ ማስታወሻ የሚጽፉበት አፕ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ባክአፕ ነው፤ ኮምፒውተራቸው ላይ ነው ያገኘሁት። ከዚያው አፕ ውጪ እንዳይነበብ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስልካቸው ደግሞ ተሰብሯል።"

ስልኩ የተሰበረው ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ ነው። በማግስቱ ጠዋት ገረሱ ከቤት ወጣ፤ አልተመለሰም። የደን ጠባቂዎች ያገኙት ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ፣ በሐምሌ ዝናብ ርሶ፣ ባሕር ዛፍ ተደግፎ እንደተቀመጠ ነው። የገደለው ብርዱ ነው። ድንኳን ውስጥ ግን አንዳንዱ "እዚያ ሌላ ሴት ነበረችው" ይላል፤ ሌላው "ራሱን ነው ያጠፋው" እያለ ይንሾካሾካል። ዘውድነሽ ሁለቱንም ሰምታለች።

"እስቲ እንደምንም ሞክርልኝ" አለችው።

ኢታና የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ዚፕ ሲለውጠው ተፈታ። ውስጡ ጥቂት ፎቶዎችና ማስታወሻዎቹ የተከማቹበት አንድ ዳታቤዝ አለ። ዳታቤዙን ወደ ተራ ጽሑፍ እስኪገለብጠው፣ ዘውድነሽ ያንን ጠዋት ታስብ ነበር።

ዓይኗን ስትገልጥ ገረሱ ልብሱን ለብሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያያታል።

"ይቅርታ" አላት። "የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?"

ሃያ ዓመት አብራው የኖረችውን ሚስቱን አንቱ ሲላት ሳቀች። "አዎ፤ ቁርስም እናቀርባለን።"

እሱም ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ። ከዚያ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አስቸገርኩዎት" ብሎ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ቀልዱን የጨረሰ መስሏት ተመልሳ ተኛች።

"እትዬ" አለ ኢታና። ድምፁ ተለውጧል። "ይሄን ራስዎ ቢያነቡት ይሻላል።"

የመጀመሪያው ማስታወሻ ርዕስ "ጠዋት፣ ከአልጋ ሳትነሳ" ይላል።

"ከጎንህ የተኛችው ሚስትህ ናት። ዘውድነሽ ትባላለች። አትፍራት። አንቺ በላት። ስትስቅ አብረህ ሳቅ። ሻይ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። ግራ ትከሻዋን ያማታል፤ እሽላት። ሐኪሙ ስለ መርሳትህ ያለህን አትንገራት፤ ከነገርካት መሳቋን ትተወዋለች።"

ከሁሉም በታች፦

"የአባትህ ቤት ከየካ ሚካኤል በላይ ነበር። ፈርሷል፤ አሁን ጫካ ነው። ማንም የለም። ወደዚያ አትሂድ።"

"መቼ ነው የጻፈው?" አለች።

"ሁለት ዓመት አልፎታል። ስልኩ እስከተሰበረበት ቀን ድረስ በየጠዋቱ ይከፍቱት ነበር።"

ገረሱ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስልኩን ሲያይ ዜና የሚያነብ ይመስላት ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ዞር ብሎ ፈገግ ይላል፤ "እንደምን አደርሽ፣ ዘውዴ" ይላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኗ ይነቃ የነበረው የማያውቃት ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ ብርድ የገባ መሰላት። አልጋው ላይ የሱን ቦታ አየችና ከተቀመጠችበት ትንሽ ፈቀቅ አለች።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ ደብሪቱ አንገቷን አስገብታ "ዘውዴ፣ ሰው እየጠየቀሽ ነው" አለች።

ደብሪቱ በሩን ዘግታ ስትሄድ ኢታና ላፕቶፑን ዘጋው። "ታች ያሉት ከጠየቁኝ ምን ልበላቸው?"

ዘውድነሽ ከአልጋው ተነሣች።

"ወደ አባቱ ቤት እየሄደ ነበር በላቸው።"

ደረጃውን ወርዳ ድንኳኑ ስትገባ መዝሙሩ ዝግ አለ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ጠረጴዛው ላይ አበባ ተደርጎለት የቆመው የገረሱ ፎቶ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ዓይኖቹ ቀጥ ብለው ያዩዋታል።

ፊቷ በደንብ እንዲታየው፣ ግንባሯን የሸፈነውን ጥቁር ሻሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው።