ሦስት ጊዜ «የለም»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሰገራ የምትመረምረው እሷ ብቻ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ኖራለች። ሰዉ «ዓይናማዋ» ይላታል። በቀን ሃምሳ የናሙና ዕቃ ሲደረደርላት ግን ዓይን ቀርቶ ልብም ይደክማል።

የድንጋይ ፈላጩ ሚስት የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ መመላለስ ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል። ልጅቷ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፣ እጅና እግሯ ግን ቆዳ ብቻ ነው። ክንዷን የሚለኩበት ጥብጣብ ቀዩ ላይ፣ ክፉኛ የከሱት መስመር ላይ ነው የሚቆመው። ጤና ጣቢያው ለከሱ ልጆች የሚሰጠውን የለውዝ ምግብ ትበላለች፣ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። ሐኪሙ ትል ነው ብሎ ቢጠረጥርም የትሉ መድኃኒት ተመናምኖ ስለነበር በምርመራ ትል ላልታየበት እንዳይሰጥ ተብሏል። ውጤቱ ደግሞ ሁለቴም «የለም» ነበር። «የለም» ብላ የጻፈችው ዓይናማዋ ናት።

በሦስተኛው ምርመራ ቀን ናሙናውን መስታወት ላይ ቀብታ አየች፤ ምንም የለም። ወረቀቱ ላይ «የለም» ብላ ጽፋ ዕቃውን ልትጥል ስትል እጇ ቆመ። ሰገራው ቢጫ ነው፤ ለስላሳ፣ ፍሬ ፍሬ ያለበት። የጡት ልጅ እንጂ እህል የሚበላ ልጅ እንዲህ አይወጣውም። ያለፉትን ሁለቱን ዕቃዎች እንኳ ልብ ብላ አላየቻቸውም ነበር።

እናትየውን ጠራቻት። «ግቢ የኔ እናት። በሩን ዝጊው። ይሄ የማን ነው?»

«የልጄ ነው፣ እትዬ።»

«የየትኛው ልጅሽ?»

ሴትዮዋ ጀርባዋ ላይ ያለውን ጨቅላ አመቻቸችው። «እሱም ልጄ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ዓይናማዋን ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት፤ ቁጣው ቀደመው። «ልጅቷ በዓይንሽ እያለቀች ሦስት ጊዜ ታታልይኛለሽ? ምን በደልኩሽ?»

«እኔን አልበደሉኝም። ባለፈው ክረምት እህቴ ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በመስኮት ሆነው፣ ‹ሽንት ቤት የላችሁም እንዴ? የልጅሽ ሆድ የትል ጎተራ ሆኗል!› አሏት። እስከ ዛሬ ልጁን መንደሩ ‹ጎተራው› ነው የሚለው። የእኔዋ ደግሞ ሴት ናት፤ ነገ ማን ያገባታል ብዬ ነው።»

ዓይናማዋ ለማስታወስ ሞከረች። የትኛዋ እህት? የትኛው ቀን? ምንም ትዝ አላላትም። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ እንደሚወጣ ግን አላጣችውም። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ብያለሁ» አለች። «ብዬ ይሆናል አልልሽም። ብያለሁ። ለእህትሽም ራሴ እነግራታለሁ።»

አዲስ ዕቃ ሰጠቻት። ልጅቷ አግዳሚው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። እስከ ከሰዓት በኋላ ጠበቁ። ናሙናው ሲመጣ ማይክሮስኮፑን ማስተካከል እንኳ አላስፈለገም፤ የትሉ እንቁላል በእንቁላል ላይ ተደራርቧል። ውጤቱን ጽፋ ወረቀቱን አጠፈችው፤ በመስኮት ሳትጣራም ራሷ ተነስታ ለሐኪሙ አደረሰች። ልጅቷ መድኃኒቷን እዚያው ዋጠች።

በሳምንቱ እናትየው ተመልሳ በጆሮዋ ነገረቻት፤ አሥራ ሰባት ትል ወጥቷል። ከሁለት ወር በኋላ ጥብጣቡ ከቀይ ወደ ቢጫ ዞረ። አረንጓዴ አልደረሰም። ልጅቷ ግን ዳቦ ስጡኝ ብላ ማልቀስ ጀምራለች፤ ለቅሶዋም ጉልበት አለው።

«ውሃ ከየት ነው የምትቀጂው?» አለች ዓይናማዋ።

«ከዚያው ከኩሬው።»

«ታፈያለሽ?»

«ማገዶ ሲኖር።»

«ሽንት ቤቱስ?»

«ባሌ ጉድጓዱን ጀምሮ ነበር፤ ድንጋይ ገጠመውና ተወው።»

«ድንጋይ ፈላጭ ሆኖ?»

«የሰው ድንጋይ ሲፈልጥ ውሎ ለራሱ ምን አቅም ይተርፈዋል፣ እትዬ?»

ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታውም ብዙ አልቆየም። ዓይናማዋ ካርዱ ላይ የስድስት ወር ቀጠሮ ጻፈችላት። «ኩሬው እስካለ ድረስ ትሉ ይመለሳል» አለቻት። «ሲመለስ የእሷኑ አምጪልኝ።»

«የእሷኑ አመጣለሁ» አለች እናትየው፤ ጨቅላውን አዝላ፣ ልጅቷን በእጇ ይዛ ወጣች። መንገዱ የሁለት ሰዓት ነው። ልጅቷ እስከ በሩ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ከዚያ «እዘይኝ» አለች።