ጣራ የመታው ድንጋይ

"ኧረ እትዬ፣ በፈጣሪ ይተዉት! አይፈግፍጉት!"

ጣራ ሠሪው መሰላሉን ከትከሻው ሳያወርድ ነበር የጮኸው። ጡረታ የወጡት አዋላጅ ነርስ ግቢያቸው ጥግ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብለው በሽቦ ስፖንጅ የሚፈገፍጉት ድስት አልነበረም። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ደመና በሌለበት ሰማዩ እንደ ነጎድጓድ ካጓራ በኋላ፣ ጣራቸውን በስቶ የገባው ድንጋይ ነበር።

"ታዲያ ምን ላድርገው?" አሉ ቀና ብለው፤ ስፖንጁን ግን አልጣሉም። "ሳልጠራው የመጣ እንግዳ፣ ጥላሸቱን እንደተለቀለቀ ቤቴ ይቀመጥ? ስንቱን አራስ ልጅ አጥቤ ለእናቱ ያስታቀፍኩ ሴት ይሄ ያቅተኛል?"

"ጥላሸት አይደለም እኮ! ሲወርድ ነዶ ያወጣው ቆዳው ነው። ለዚያ ቆዳ የሚሞት ሰው አለ!"

"እንግዲህ ግማሹ አለለት፤ በዚያ በኩል ገና አልደረስኩም።"

መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ድንጋዩን በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ጭብጥ የምታህል ነገር ናት፤ ክብደቷ ግን መልኳን አይመስልም። አንዱ ጎኗ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ሌላው በስፖንጅ ተገፎ ግራጫ ሆኗል። በደንብ ሊያያት ወደ ፀሐይ ዞር አለ።

ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የሚሰበስቡ ሰዎች ሁሉንም እንወዳለን ይላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ነፍሳቸው የምትወጣለት አንድ ዓይነት አለች። ጓደኛው የጥርስ ሐኪሙ የሚወደው ያንን ስስ ጥቁር ቆዳ ነው፤ "ጥርስም ሆነ ድንጋይ ልብሱ ከተነካ አለቀለት" ይላል። ሰዓት ጠጋኙ ደግሞ ብረት የሆኑትን ብቻ ነው የሚያሳድደው። ሰንጥቆ፣ አለስልሶ፣ አሲድ ሲያስነካቸው እንደ ሽመና የተጠላለፈ መስመር ያወጣሉ፤ እሱን እያየ ምሳውን ይረሳል።

ጣራ ሠሪው የሚሰበስበው ሰው የሠራውን ነገር የመቱትን ነው። መደርደሪያው ላይ የመኪና ኮፈን ያጎደጎደ ድንጋይ ቁራጭ አለ፤ የዶሮ ቤት ያፈረሰ አለ፤ የፖስታ ሣጥን የደረመሰ አለ። ሚስቱ አንድ ቀን አቧራ እያራገፈች "አንተ የምትሰበስበው ድንጋይ ሳይሆን ጠብ ነው" ብላዋለች። እሱ ግን ምክንያት አለው። በረሃ ላይ የወደቀ ድንጋይ ለማንም አልወደቀም። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ የሰው እጅ ባበጀው ነገር ላይ ያረፈው ግን አንድ ነገር ጠይቋል፤ የሠራችሁት ነገር ምን ያህል ይችላል? ብሏል። ጣራ ሠሪው የሚፈልገው መልሱን ነው። ስለዚህ ከድንጋዩ ጋር ሁልጊዜ የተመታውን ዕቃ ያፈላልጋል፤ የሚያገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው። ሰው የተጎዳ ዕቃ ይጥላል።

እና ትናንት የተመታው የእሱ የገዛ ሥራ ነበር።

ይህን ቤት የከደነው ገና ከአሠልጣኙ እጅ በወጣ በዓመቱ፣ ለብቻው የያዘው የመጀመሪያ ሥራ ሆኖ ነው። የሴትየዋ ባል የሂሳብ ሠራተኛ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ምስማር እንኳ የሚቆጥሩ ሰው። ቆርቆሮው የሚመታባቸው አግዳሚ እንጨቶች፣ ማገሮቹ፣ ሰፋ ሰፋ ብለው ይቀመጡ አሉ። ወጣቱ በየመሀላቸው አንድ አንድ ጨመረ። ሰውየው መሰላሉ ሥር ቆመው "አንተ ጣራ ነው የምትሠራው ወይስ ጫካ የምትጨርሰው?" አሉት። "ጋሼ፣ ጣራ ላይ ምን እንደሚወርድ ማን ያውቃል?" አለ። ሳቁበት። በዚያው ቀን "እንጨት ፈጁ" ብለው ስም አወጡለት፤ ስሙ ከሰፈሩ ወጥቶ ገበያ ደረሰ። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ ሥራ የሚያመጡለት ሰዎች "እንጨት ፈጁ ማለት አንተ ነህ?" ነው የሚሉት።

"በሩ ክፍት ነው ወይስ እሱም ተመቷል?" የሚል ድምፅ መጣ። የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ነጭ ጋዋኑን በከረባቱ ላይ እንደደረበ።

"አፉን ከፍቶ የሚጠብቅህ ሰው የለም?" አለው ጣራ ሠሪው።

"አደንዝዤው መጣሁ። የታለች? አሳየኝ።" ተቀበለውና ገለበጣት፤ ፊቱ ወዲያው ከሰመ። "ማነው እንዲህ ያደረጋት?"

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉ ሴትየዋ፣ ስፖንጁን ከኋላቸው ደብቀው። "ይቅር በለኝ። ቆሻሻ መስሎኝ ነው።"

"ግድ የለም እናቴ።" ድንጋዩን ለጓደኛው መለሰለት። "ለእኔ ሞታለች፤ ላንተ ግን ገና ተወለደች። ድንጋዩ አለ፤ የተበሳው ቆርቆሮም እላይ አለ። ሌላስ የመታችው ነገር ይኖር ይሆን?"

"ድምፁ አንድ አልነበረም" አሉ ሴትየዋ። "መጀመሪያ ጧ! አለ። ወዲያው ወፈር ያለ ድም! ተከተለ። ከዚያ ኮርኒሱ ላይ እንደ ኳስ ቀስ ብሎ ሲንከባለል ሰማሁት። ጠዋት በኮርኒሱ ክፍተት በኩል በመጥረጊያ እንጨት ስስበው ወረደልኝ።"

ጣራ ሠሪው ወፈር ያለውን ድምፅ በጆሮው ደገመው። መዶሻና መጋዙን ወገቡ ላይ ሸጎጠና ወጣ። ሐኪሙ መሰላሉን ያዘለት።

ቀዳዳው አፉ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የሚያብለጨልጭ ነው። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ቆርቆሮውን ወደ ጎን ሲያነሳው ከሥሩ ማገሩ ታየ። ላይኛው ፊቱ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ዱቄት። ግራና ቀኝ ተመለከተ። ተሳስቶ እንዳይሆን ከዳር ጀምሮ የማገሮቹን የምስማር መስመር ቆጠረና እንደገና ወደ መሀል ተመለሰ። አልተሳሳተም። ያ ያለ ፈቃድ የጨመረው እንጨት ነበር። እሱ ባይኖር ከቆርቆሮው በታች ያለው የኮርኒሱ ስስ ጣውላ ብቻ ነው።

"እትዬ!" ብሎ ወደ ታች ተጣራ። "ከዚህ በታች ምንድን ነው ያለው?"

"መኝታ ቤቴ ነዋ።"

"ትናንት ያኔ የት ነበሩ?"

"አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ። ምነው?"

"ራስጌዎ በየት በኩል ነው?"

"በመስኮቱ በኩል።"

መስኮቱ ከሥሩ ነበር። ጣራ ሠሪው ያየውን ነገራቸው፤ ስለ ማገሩ፣ የትኛው ማገር እንደሆነ። ሴትየዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ አንገታቸውን አቅንተው ከጣራውም ከሠሪውም በላይ ወዳለው ሰማይ ተጣሩ።

"ሰማህ አንተ ሰውዬ? ሰማህ? እንጨት ፈጁ ያልከው ልጅ ነው ያተረፈኝ!"

ሐኪሙ መሰላሉን ይዞ ሳቀ፤ ሴትየዋም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ጣራ ሠሪው ብቻ አልሳቀም። ጉንጩ ግሎ ነበር። ያን ስም ሰምቶ ሲኮራ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር።

"ስማኝ" አለ ሐኪሙ፣ ሳቁን ሲጨርስ። "ድንጋይ፣ ቆርቆሮ፣ እንጨት፤ ሦስቱ በአንድ ላይ! ይህን የያዘ ሰው አላየሁም። የተመታችውን ቁራጭ ብቻ ቆርጠህ አውርዳት።"

ሴትየዋ ጣልቃ ገቡ። "ድንጋዩም ቆርቆሮውም ያንተ ነው፤ ባርኬ ሰጥቼሃለሁ። እንጨቱ ግን ... ተጎድቶ ከሆነ አውጥተህ ውሰድና ሌላ ግጠምልኝ። ደህና ከሆነ ግን ባሌ ያሠራው ቤት በከንቱ ሲፈታ ማየት አልወድም። እኔ እዚያ አልወጣም፤ አንተ ያልከኝን ነው የማምነው።"

ጣራ ሠሪው መዶሻውን ገልብጦ በእጀታው ማገሩን መታ መታ አደረገው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። የተሰነጠቀ እንጨት እንዲህ አይናገርም። ከኪሱ ቢላ አውጥቶ ጫፉን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደ፤ ከጥቂት ወዲያ አልገባለትም።

"ተሰንጥቋል" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ማንም አይጎዳም፤ አዲስና ወፍራም እንጨት ይተካላቸዋል። ማታውን የመደርደሪያውን መሀል ጠርጎ ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ሰዓት ጠጋኙ ብረቶቹን ትቶ መጥቶ ያያቸዋል። ሚስቱም ሳትወድ በግድ ታያቸዋለች። ዕድሜ ልኩን ሲፈልገው የኖረው መልስ ከእነጉድጓዱ በእጁ ይሆናል። መጋዙን ከወገቡ መዘዘ። የመጋዙን ጥርስ ከጉድጓዱ ክንድ ያህል አርቆ አሳረፈና እንጨቱን አየው።

ተሰንጥቋል ካለ፣ ይህ እንጨት አልቻለም ማለት ነው። ትናንት የሰማይን ድንጋይ መክቶ ሴትየዋን በሕይወት ያቆየ ማገር፣ ዛሬ በራሱ ሠሪ አንደበት፣ በዚያችው ሴት ፊት ስሙ ሊጠፋ ነው።

"ምን ሆነ?" አለ ሐኪሙ ከታች። "ተጎድቷል አይደል?"

"ደህና ነው።"

"ትንሽ እንኳ?"

"ምንም አልሆነም። ሥራ ላይ ነው።" መጋዙን በመያዣው በኩል አቀበለው። "ይህንን ተቀበለኝና ምስማር ስጠኝ። ከጥርስ ይልቅ ምስማር ይቀልልሃል።"

ሐኪሙ ያቺን ያጣትን ቁራጭ በዓይነ ኅሊናው እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ ቢሆንም የጋዋኑን ኪስ በምስማር ሞልቶ መሰላሉን አንድ እርከን ወጣ። ለጥገናው የመጣው አዲስ ቆርቆሮ ተዘረጋ። ጣራ ሠሪው የመጀመሪያውን ምስማር ሊተክል ሲል ከዚያች ጉድጓድ አናት ላይ እንደሆነ በቆርቆሮው ሥር በጣቱ ዳብሶ አወቀና ጣት ያህል ፈቀቅ አድርጎ መታው።