ሮዝ የሆኑት ጫጩቶች

ባልና ሚስቱ ጓሯቸው ውስጥ የሥጋ ዶሮ ያረባሉ። አዲስ ጫጩት በገባ ቁጥር ባልየው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የመጠጥ ውሃው ላይ አንቲባዮቲክ መበጥበጥ ነበር፤ ታመሙም አልታመሙም፣ ምግብ ላይ ጨው ጣል እንደሚያደርግ ሰው። ባለፈው ዙር ግን ተቅማጥ ገባና መድኃኒቱ ጠብ የሚል ነገር አላመጣም፤ በሽታው ለምዶታል። ግማሾቹ አለቁ። ሚስትየው ባዶውን የዶሮ ቤት እያጠበች አለቀሰች፤ እንባዋን ጠርጋ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለምትሠራው ታናሽ እህቷ ደወለች።

ይህችን እህት፣ ከጀርም ጋር ስለምትውል፣ ቤተሰቡ «ጀርሚት» ይላታል። አዲሶቹ ጫጩቶች በገቡ ዕለት ጠዋት አንድ ጠርሙስ አቅፋ ከች አለች። በውስጡ ከጤነኛ ዶሮ አንጀት ተወስደው የተባዙ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነበሩ። ባልየው ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። ዶሮዎቹን የጨረሰበት ጀርም፣ አሁን ደግሞ የሚያድናቸው ጀርም፤ ይኼ የጤና ነው ወይ ብሎ ሚስቱን ጠየቃት።

«ጋሼ፣» አለችው ጀርሚት፣ «የጫጩት አንጀት ማለት ባዶ አውቶቡስ ነው። ደጎቹ ቀድመው ወንበሩን ከያዙ ክፉዎቹ የት ይቀመጣሉ?»

«ቆመው ቢሄዱስ?»

«የቆመውማ ከኩስ ጋር ይወርዳል።»

ሚስትየው ሳቋ አመለጣት። ጀርሚት ፈሳሹን በውሃ በጥብጣ የምግብ ቀለም ጨመረችበት፤ ሲረጭባቸው ጫጩቶቹ ባለቀለሙን ጠብታ ከየላባቸው ላይ እየለቀሙ ይውጡታልና። መርጫውን ባልየው እኔ ካልያዝኩ ብሎ ድርቅ አለ። መርጫው መጀመሪያ እንቢ አለው፣ ቀጥሎ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ጫጩቶቹ ሮዝ፣ ሰጋቱራው ሮዝ፣ የሰውየው ጢም ሮዝ ሆነ። አጎንብሶ ዓይኑን ሲጠርግ አንዷ ጫጩት እጁ ላይ ወጥታ የጣቱን ጠብታ ለቀም አደረገች። ሚስትየው ሆዷን ይዛ የመኖ ጆንያ ላይ ዘፍ አለች።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ጫጩቶቹ ኩርምት ብለው ሲያገኛቸው ግን ባልየው ልቡ ከዳው፤ የመድኃኒቱን ፓኬት ይዞ ገሰገሰ። ሚስቱ የዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ደጎቹንም ትገድልብኛለህ። ከታመሙ የእንስሳት ሐኪሙን እንጠራለን፣ እሱ ካዘዘ ያኔ ትሰጣለህ።»

ሐኪሙ መጥቶ አያቸውና በርዷቸው ነው፣ የሚያሞቃቸውን አምፖል ዝቅ አድርጉላቸው አለ። አምፖሉ ዝቅ ሲል ጫጩቶቹ እግራቸውን ዘርግተው ተኙ።

ጫጩቶቹ ሮዙን ላባ ጥለው ነጭ ባወጡ ጊዜ የጀርሚት አለቃ ልታያቸው መጣች፤ ኮስተር ያለች ትልቅ ሴት ናት። ሳሎን ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ሳለ ባልየው በአካፋ ኩስ ተሸክሞ ሰተት ብሎ ገባ።

«ደረቅ ነው! እዩት፣ ተቅማጥ የለም፣ ደረቅ ነው!»

ሚስትየው መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። አለቃዋ ግን ብርጭቆዋን አስቀመጠች፣ መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አካፋው ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«እንዴት ያምራል» አለች በለሆሳስ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመው። ባልየው አካፋውን ይዞ በየጎረቤቱ ዞረ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታቸው አፍንጫውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው የባልየውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው እንኳን ደስ ያለህ አለው። ዶሮዎቹም ያን ዙር አንዲት ጠብታ አንቲባዮቲክ ሳይቀምሱ ለገበያ ደረሱ።