ፒስተኑን አላሳየህም

ዘሩባቤልን ሰኞ ከሥራ አባረርኩት፤ ማክሰኞ ስሙን አጠፋሁት።

ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሐርጌሳ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ቦታውን የወረረውን ገራንዋ የሚሉትን እሾሃማ ዛፍ የሚያስመነጥረው፣ የግቢውን ግንብ የገፋበትን ኒም የሚያስቆርጠው በእኛ ነበር። የሞተር መጋዙ የእኔ ነው፤ ቆራጩ እሱ። ነዳጁንም የሚያዘጋጀው እሱ ነበር፤ ለአምስት ሊትር ቤንዚን አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት። እንዲህ ያለው ሞተር የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በተቀላቀለ ዘይት ብቻ ነው። ዘይት ካጣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተፋፍቆ ይነክሳል።

ያን ሰኞ ዘሩባቤል ግንዱን ገና ግማሽ እንዳደረሰ መጋዙ ጮኸና ነከሰ።

«ዘይት ሳትጨምር ነው የሞላኸው» አልኩት።

«በገብርኤል ጨምሬያለሁ! ድምፁ ከጠዋት ጀምሮ ልክ አይደለም አላልኩህም?»

«ድምፅ ነው ዘይት የሚጨምረው?»

«ኧረ አቻም፣ መጀመሪያ ይፈታና እንየው።»

አላየሁም። ወልድያ አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ በክርክር የረታኝ ሰው አልነበረም፤ አንድ ቆራጭ ሊረታኝ ነው? በማግስቱ ሐርጌሳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በምንገናኝበት የቴሌግራም ገጽ ላይ ጻፍኩ። ስሙን ከነአባቱ ጠቀስኩ። ስንፍናውን፣ ውሸቱን፣ በታቦት ስም በሐሰት መማሉን አንድ በአንድ አስረዳሁና «ንብረቱን የሚወድ ይህን ሰው አይቅጠር» ብዬ ደመደምኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ሰው ተቀባበለው። ሐሙስ ዕለት፣ ሊቀጥረው ተስማምቶ የነበረ ፎርማን «ያ ሰውዬ አንተ ነህ እንዴ?» ብሎ እንደመለሰው ሰማሁ። ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡራሌ ደወለልኝ። ቡራሌ ድሬዳዋ ያደገ የዚህ አገር ሰው ነው። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር የጄኔሬተር መለዋወጫ ይሸጣል፤ ለራሱ ደስታ ግን አሮጌ የሞተር መጋዝ ይሰበስባል።

«ጽሑፍህን አነበብኩት» አለኝ። «አቤት አማርኛ! ወላሂ ልጁን እኔው ራሴ ልደበድበው ነበር። ፒስተኑን ግን አላሳየህም።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ሰውዬ፣ ሬሳው ሳይታይ ይፈረዳል እንዴ? ይዘኸው ና።»

ወሰድኩለት። የጭስ ማውጫውን ፈታና በቀዳዳው በኩል ፒስተኑን በስልኩ አነሳው። ቁልቁል ተቧጥጧል። ፎቶውን መጋዝ ወዳጆች ለሚሰባሰቡበት ቡድን ላከው። ከቦንጋ አክሊል የሚባል፣ ዕድሜውን ደን ውስጥ የጨረሰ ሰው በድምፅ መለሰ። «አትቸኩሉ። ቀዳዳዎቹን ድፈኑና በካንዴላው ቦታ አየር ንፉበት። ከዚያ የሳሙና ውሃ ቀቡት።»

ቡራሌ በብስክሌት መንፊያ ነፋ። እኔ በብሩሽ ቀባሁ። ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ ጋር በሚያገናኘው ላስቲክ ዙሪያ አረፋው ተኩረፈረፈ።

ላስቲኩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከወር በፊት ሲሰነጠቅ ዘሩባቤል «አዲስ እናስመጣ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ በማስቲሽ አጣበቅኩት።

«በዚህ አየር ሲገባ ነዳጁ ይሳሳል» አለ ቡራሌ። «መጀመሪያ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከዚያ ይነክሳል።»

«ይሁን!» አልኩ፤ ተቆጣሁ። «አየር ማስገባቱ ዘይት መጨመሩን አያረጋግጥም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል!»

ቡራሌ የድምፅ መቅጃውን ተጭኖ ስለነበር አክሊል ሰማኝ። ሳቀ። «ጋሼ ተከራካሪው፣ እንግዲያው ሲሊንደሩን ያንሱና ከሥሩ ጣትዎን ይክተቱ። ዘይት ያልቀመሰ ሞተር ደረቅ ነው።»

አነሳነው። ጣቴን ከተትኩ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ በዘይት ረጥቦ ወጣ።

ቡራሌ ጣቴን አየ፣ ፊቴን አየ። «ሱብሓነላህ» አለና ጨርቅ አቀበለኝ። አልጠረግኩትም።

መጋዙ ተሠራ። ፒስተንና ሲሊንደር ከዋሄን ገበያ ተገኘ፤ ላስቲኩን አክሊል በጅግጅጋ በኩል በሹፌር ላከልኝ፤ ሌሎቹ ካርቡራተሩን እንዴት እንደማስተካክል በቪዲዮ አሳዩኝ። በማላውቃቸው ሰዎች ደግነት ሞተሩ በሁለተኛው ጉተታ ተነሳ። ቡራሌ ጨፈረ። ቡድኑ በጭብጨባ ምስል ተሞላ። እኔ ግን ያን የተስተካከለ ድምፅ ቆሜ መስማት አቃተኝ፤ አጠፋሁት።

በዚያው ቀን የሆነውን ሁሉ በዚያው ገጽ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ማሕሙድ ሃይቤ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። የዘሩባቤል እህት ጸደንያ እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች። በሩን ከፍታ አየችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእሷ «አቻምዬ» ነበርኩ።

«አቶ አቻምየለህ። መጋዝዎ ተሠራልዎ?»

«ጸዲ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዘይቱን ጨምሮ ነበር።»

«ለእኔ ምን ይነግሩኛል? የጻፉበት ቦታ ይጻፉት።»

«ጽፌዋለሁ።» ስልኬን አሳየኋት።

ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «አሥራ አንድ ሰው ነው ያየው» አለች። «ያኛውን አገር ሁሉ ነው ያነበበው።»

«ዘሩ የት ነው?»

«ቦሳሶ። የየመን ጀልባ እየጠበቀ ነው። እዚህ ማን ያሠራው?»

የራሷን ስልክ አውጥታ ደወለችና ሰጠችኝ። በወዲያኛው በኩል ንፋስና የብዙ ሰው ድምፅ ነበር።

«ጸዲዬ?»

«እኔ ነኝ፣ ዘሩ፤ አቻምየለህ።»

«መጋዙ ተነሳ?» አለኝ።

«ተነሳ። ዘይቱን ጨምረህ ነበር።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«ላስቲኩ ነው። እኔ የለጠፍኩት።»

«እሱንም ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«በማግስቱ ልነግርህ መጣሁ እኮ። ደጅ ቆሜ ጠራሁህ። እየጻፍኩ ነው፣ አትረብሸኝ አልከኝ።»

መንገድ ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ለምን መመለስ እንዳለበት፣ ግማሹ ሥራ የእሱ እንደሚሆን፣ ባሕሩ ስንት ሰው እንደበላ። ከአፌ የወጣው «ተመለስ» ብቻ ነው።

«ስማችንን እየጠሩ ነው አቻም። ጸዲን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለች ወደ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋችው። ልቅሶዋ ይሰማኝ ነበር። አንኳኳሁ። ደጋግሜ አንኳኳሁ። በመጨረሻ የከፈቱልኝ የቤቱ እመቤት ፋዱሞ ናቸው። ማንን እንደምፈልግ በሶማልኛ ጠየቁኝ።

«ዘሩባቤልን» አልኳቸው።

እንዲህ የሚባል ሰው በዚህ ቤት የለም አሉኝ።